ሪያሉን በሪያል ክፈሉ፦ የሐጅና የዑምራ ተጓዥ፣ ካርዱና ምንዛሪው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ለአድማጮች ከቀረበ ትምህርት ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ ሐጅና ዑምራ ትምህርት ስንሰጥ ዘወትር የምንናገረው ስለ ኢሕራም፣ ስለ ጠዋፍና ስለ ሰዕይ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ዒባዳው እሱ ነውና። ነገር ግን ከጉዞው የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች መስጂድ ውስጥ ሲያገኙን ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ከኪሳቸው ጋር የተያያዙ ናቸው። «ሆቴሉ የነገረን ዋጋና ባንካችን የቆረጠብን ለምን ተለያየ?» «ከማሽን ገንዘብ ሳወጣ ሦስት ዓይነት ክፍያ ተቆረጠብኝ፤ ምንድን ነው?» «በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ወለድ አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉናል። በዛሬው ዝግጅታችን ኢንሻ አላህ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት እናት ለዓመታት ዕቁብ ጥላ፣ ከጉልቷ ገቢ ቀንሳ፣ ልጆቿ ከባሕር ማዶ ጨምረውላት ነው ወደ በይተላህ የምትሄደው። ያ ገንዘብ የላብ ገንዘብ ነው። ከየት እንዳገኘነው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋልነውም በአላህ ፊት የምንጠየቅበት አማና ነው። ለሚስኪን ሊሰጥ፣ ለዘመድ ስጦታ ሊገዛ ይችል የነበረ ገንዘብ ባለማወቅ ለማሽንና ለመንዛሪ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አይገባንም።

የድሮ ተጓዥና የዛሬ ተጓዥ

የገንዘብ ችግር ለሑጃጅ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን በምጽዋ በኩል ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ በኮሮጇቸው የሚይዙት ጠገራ ብር ነበር። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት ያ የማሪያ ቴሬዛ ብር በሐበሻም በዐረብ ምድርም ስለሚታወቅ ባሕሩን ሲሻገሩ ዋጋውን የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ችግሩ ክብደቱና የሌባው ስጋት ነበር።

ሳዑዲ ዐረቢያም ይህንን ክብደት ታውቀው ነበር። የሀገሪቱ የገንዘብ ተቋም በ1952 እ.ኤ.አ ከተመሠረተ በኋላ በ1953 እ.ኤ.አ «የሑጃጅ ደረሰኝ» የሚባል ወረቀት አወጣ። ሐጃጁ ከባዱን የብር ሪያል ተሸክሞ ከመንከራተት ይልቅ ወረቀቱን ይዞ እንዲገበያይ ታስቦ ነበር። ሕዝቡ ወረቀቱን ወደደውና ሐጅ ካለፈ በኋላም መገበያያ አደረገው። የሳዑዲ የወረቀት ገንዘብ መነሻው እንዲህ ከሐጅ ጋር የተሳሰረ ነው።

ዛሬ ደግሞ ወረቀቱንም ካርድ እየተካው ነው። ካርዱ ክብደት የለውም፤ ቢጠፋም በስልክ ይዘጋል። ነገር ግን ጠገራ ብር የማያውቀው አንድ ነገር አለው። በእያንዳንዱ ክፍያ መሐል ባንኩ፣ የካርዱ ድርጅት፣ የነጋዴው ባንክና የማሽኑ ባለቤት ይገባሉ። እያንዳንዱም የየድርሻውን ሊቆርጥ ይችላል።

ሁለት ቁጥር ያዙ፦ 15 ሪያል፣ 4 ዶላር

አድማጮቻችን፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱ። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ላይ ታስሮ ይኖራል። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። እንደ ሌሎች ገንዘቦች በየቀኑ የሚዋዥቅ አይደለም። ስለዚህ 375 ሪያል 100 ዶላር፣ 150 ሪያል 40 ዶላር፣ 15 ሪያል ደግሞ 4 ዶላር ነው።

ይህ ለተጓዥ ትልቅ ጸጋ ነው። ወደ ቱርክ ወይም ወደ ግብፅ የሚሄድ ሰው የዕለቱን ተመን ካላጣራ በስተቀር መበደሉን አያውቅም። የመካና የመዲና ተጓዥ ግን ሚዛኑን በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። ማሽኑ ለ1,500 ሪያል 400 ዶላር አካባቢ ሳይሆን 420 ዶላር ካሳየ 20 ዶላር፣ ማለትም 5 በመቶ ተጨምሮብኛል ብሎ እዚያው ቆሞ ማወቅ ይችላል። የካርድ ድርጅቶቹ ተመን ከ3.75 በጥቂት ሳንቲሞች ሊለይ ይችላል፤ ያ የተለመደ ነው። ልዩነቱ በመቶ 3፣ 5 ወይም 8 ሲሆን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ የክፍያ በሮች

ገንዘባችን የሚወጣባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የራሳችን ባንክ ነው። ብዙ ባንኮች ካርዳችሁ በውጭ ሀገር በተጠቀመ ቁጥር «የውጭ ግብይት ክፍያ» ይቆርጣሉ። በአሜሪካ ይህ ክፍያ በብዙ ካርዶች ላይ እስከ 3 በመቶ ይደርሳል። በሌላ በኩል ይህን ክፍያ ጨርሶ የማይጠይቁ ካርዶችም አሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ካርዱ ሲሰጣችሁ አብሮ የመጣውን የክፍያ ሰንጠረዥ አንብቡ፤ ወይም በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ልብ በሉ! ይህ ክፍያ ሳዑዲ መድረስን አይጠብቅም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ከሳዑዲ ድርጅት ሆቴል ወይም የሐረመይን ባቡር ትኬት በኢንተርኔት ብትገዙም ሻጩ በውጭ ሀገር ያለ ስለሆነ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። አንዳንድ ባንኮች ዋጋው በዶላር ተጽፎ እንኳ ይቆርጣሉ።

ሁለተኛው በር የነጋዴው የክፍያ ማሽን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የምናወጣበት ኤ.ቲ.ኤም ነው። እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና።

«በዶላር ልክፈል ወይስ በሪያል?»

ሆቴል ሂሳብ ስትከፍሉ፣ ሱቅ ስትገዙ ማሽኑ የካርዳችሁን ሀገር ያውቃል። ከዚያም «በሀገራችሁ ገንዘብ መክፈል ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ያመጣል። ለአሜሪካ ካርድ ዶላር፣ ለአውሮፓ ካርድ ዩሮ፣ ለእንግሊዝ ካርድ ፓውንድ ይላል። ነገሩ እንደ መልካም መስተንግዶ ይመስላል። ሰውም «የማውቀው ገንዘብ ይሻለኛል» ብሎ ይነካዋል።

እውነታው ግን ሌላ ነው። በሪያል ከከፈላችሁ ምንዛሪውን የሚሠራው የካርዳችሁ ድርጅት ነው፤ ተመኑም ከገበያው ተመን ብዙ አይርቅም። በዶላር ከከፈላችሁ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው ከነጋዴው ማሽን ጋር የሚሠራ ሌላ ድርጅት ነው። እሱ የራሱን ትርፍ በተመኑ ውስጥ ይጨምራል። ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ በላይ ሲሆን ከዚያም እጥፍ ሊሆን ይችላል። «ኮሚሽን የለም» የሚል ጽሁፍ ቢኖርም ትርፉ በተመኑ ውስጥ ተደብቋል።

በቁጥር እንየው። የሆቴላችሁ ሂሳብ 3,000 ሪያል ነው እንበል። በ3.75 ሲካፈል 800 ዶላር ይሆናል። የውጭ ግብይት ክፍያ በሌለው ካርድ በሪያል ብትከፍሉ 800 ዶላር አካባቢ ይቆረጣል። 3 በመቶ በሚቆርጥ ካርድ በሪያል ብትከፍሉ 824 ዶላር ይሆናል። ማሽኑ 6 በመቶ ጨምሮ በዶላር ቢያስከፍላችሁ 848 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ባንካችሁ ሻጩ ውጭ ሀገር ነው ብሎ 3 በመቶውን ከጨመረበት 873 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይደርሳል። ክፍሉ ያው፣ ሌሊቱ ያው፣ ልዩነቱ ግን 73 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። ይህ ከ275 ሪያል በላይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የስንት ቀን ምሳ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ያላችሁበት ሀገር ገንዘብ ምንም ይሁን በዚያው ክፈሉ። ሳዑዲ ከሆናችሁ በሪያል፣ ዱባይ ካረፋችሁ በድርሃም፣ ኢስታንቡል ካረፋችሁ በሊራ። ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት «ቢሪያል» በሉ፤ ዐረቡ ሻጭ ይገባዋል። ማሽኑ ላይ የሚታየውን ሳታዩ ቁጥራችሁን አታስገቡ። ካርዱን አስጠግታችሁ ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙን እዚያው ቁሙና እዩ። ደረሰኙ በዶላር ከወጣ «ሰርዘህ በሪያል አድርግልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ዋና ዋናዎቹ የካርድ ድርጅቶች ደንብ ምርጫው የባለ ካርዱ እንዲሆን ያዛል፤ ሻጩ በእናንተ ምትክ ሊመርጥ አይችልም። እምቢ ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ለባንካችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

በአውሮፓ የምትኖሩ አድማጮቻችን ምናልባት «ማሽኑ እኮ ጭማሪውን በመቶኛ ይነግረናል» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2020 እ.ኤ.አ ኤፕሪል ወር ጀምሮ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር ተነጻጽሮ እንዲገለጽ ሕግ ያስገድዳል። ይህ ሕግ ግን ከኅብረቱ ውጭ አይሠራም። መካ ላይ የሚጠብቃችሁ የራሳችሁ ዓይን ነው።

ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ

ኤ.ቲ.ኤም ላይ ሦስት ነገር ሊደራረብ ይችላል። አንደኛ የማሽኑ ባለቤት የሚጠይቀው ክፍያ፣ ሁለተኛ የራሳችሁ ባንክ ለእያንዳንዱ ወጪ የሚቆርጠው ቋሚ ክፍያ፣ ሦስተኛ በመቶኛ የሚሰላው የውጭ ግብይት ክፍያ ነው። ጠያቂያችን «ሦስት ዓይነት ተቆረጠብኝ» ያለው ይህንን ነው።

ባንካችሁ በአንድ ጊዜ 5 ዶላርና 3 በመቶ ይቆርጣል እንበል። 1,500 ሪያል ያስፈልጋችኋል። በየቀኑ 250 ሪያል እያደረጋችሁ በስድስት ጊዜ ብታወጡ 30 ዶላር ቋሚ ክፍያ፣ 12 ዶላር ደግሞ የመቶኛው፣ በድምሩ 42 ዶላር ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ብታወጡ ግን 5 እና 12፣ በድምሩ 17 ዶላር ነው። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ፣ ሰብሰብ አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ነገር ግን ጠዋፍ ላይ ሕዝቡ የሚገፋፋበት ቦታ ስለሆነ ገንዘቡን ሁሉ አንድ ሰው አይያዝ። ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ ተከፋፍሎ ይያዝ፤ ቀሪው በሆቴሉ ካዝና ይቆለፍ።

እዚህም ማሽኑ «ምንዛሪውን እኔ ልሥራልህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አልቀበልም» ነው። ብዙ ሰው «አልቀበልም» የሚለውን ከነካ ገንዘቡ የማይወጣ እየመሰለው ይፈራል። እንዲያ አይደለም። ምንዛሪውን እምቢ ስትሉ በተለመደው ሁኔታ ማሽኑ በሪያል ይቀጥልና ገንዘባችሁን ይሰጣችኋል። ማሽኑ ቢሰርዘው እንኳ ካርዳችሁን አውጥታችሁ ወደ ሌላ ባንክ ማሽን ሂዱ።

የክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብና ሪባ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ መጣን። እስካሁን የተናገርነው ስለ ብክነት ነበር፤ ይህ ግን ስለ ሐራም ነው።

ዴቢት ካርድ ማለት የራሳችሁን ገንዘብ ከራሳችሁ ሂሳብ የምታወጡበት ነው። ክሬዲት ካርድ ደግሞ ባንኩ የሚያበድራችሁ ነው። በክሬዲት ካርድ ዕቃ ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ወለድ የማይታሰብበት ጊዜ አለ። ጥሬ ገንዘብ ስታወጡ ግን በተለመዱት ካርዶች ይህ የእፎይታ ጊዜ የለም። ወለዱ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ከወለዱ ሌላም የማውጫ ክፍያ አለ። ሰውየው ሐረም አጠገብ ቆሞ ካርዱን ሲያስገባ በወለድ ተበድሮ እየወጣ መሆኑን አያውቅም። ለዒባዳ በወጣበት መንገድ ላይ!

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2000 እ.ኤ.አ ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው ይህንን ጉዳይ መርምሯል። በውሳኔው መሠረት በዚህ ዓይነት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከባንኩ መበደር ነው። ባንኩ ለአገልግሎቱ የሚጠይቀው ከብድሩ መጠንና ጊዜ ጋር ያልተያያዘ ቋሚ ክፍያ እንደ ሪባ አይቆጠርም። ከእውነተኛው አገልግሎት በላይ የሚጨመር ግን ሪባ ነው። የወለድ ውል ያለበትን ክሬዲት ካርድም ባለ ካርዱ በወቅቱ ለመክፈል ቢያስብ እንኳ አካዳሚው አልፈቀደም። በምዕራቡ ሀገር ከሚኖሩ ዑለማዎች መካከል በወቅቱ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው የፈቀዱ አሉ፤ በዚህ ላይ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ወለድ መክፈልን ግን ቀላል አድርጋችሁ አትመልከቱ።

ከዚሁ ጋር ሴት እህቶቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከመካና ከዱባይ ወርቅ መግዛት የተለመደ ነው። ወርቅ በገንዘብ ሲገዛ በዚያው መቀመጫ እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ። ያው የ2000 እ.ኤ.አ ውሳኔ በብድር ካርድ ወርቅና የውጭ ገንዘብ መግዛት እንደማይቻል ይገልጻል። በ2004 እ.ኤ.አ ሙስካጥ ላይ ደግሞ አካዳሚው የራሳችን ገንዘብ ባለበት ካርድ፣ እንደ ዴቢት ባለው፣ ወርቅ መግዛትን ፈቅዷል። እንግዲህ ለወርቁም ለጥሬ ገንዘቡም መፍትሄው አንድ ነው፦ የውጭ ክፍያ የማይቆርጥ ዴቢት ካርድ ፈልጉ። ለደኅንነቱ ደግሞ ለጉዞው ብቻ የተለየ ሂሳብ ክፈቱና የሚያስፈልጋችሁን ያህል ብቻ አስገቡበት። ካርዱ ቢሰረቅ የቤታችሁ ገንዘብ ሁሉ አብሮ አይሄድም።

ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለሚሄድ

ካርድ የሌላቸው፣ በተለይ ትልልቅ እናቶችና አባቶች፣ ዶላር ይዘው ይሄዳሉ። ይህም ጥሩ ነው፤ ግን የት እንደሚመነዘር እወቁ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው መንዛሪ ድካማችሁን ያውቃል። 500 ዶላር በ3.75 ቢመነዘር 1,875 ሪያል ነው። አንዱ በ3.55 ቢመነዝርላችሁ 1,775 ሪያል ታገኛላችሁ፤ 100 ሪያል እዚያው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ማረፊያው ላይ ለታክሲና ለውሃ የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩ። ቀሪውን ከተማ ውስጥ ፈቃድ ካላቸው መንዛሪዎች ሁለት ሦስቱን ጠይቃችሁ መንዝሩ። ስትጠይቁ «ተመኑ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «500 ዶላር ብሰጥህ ስንት ሪያል እጄ ላይ ታኖራለህ?» በሉ። ያኔ የተደበቀ ኮሚሽን አይኖርም።

ዩሮ ወይም ፓውንድ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያ ወደ ሪያል አትመንዝሩ። ሁለት ጊዜ መመንዘር ሁለት ጊዜ መከፈል ነው። መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ «እኔ በተሻለ እመነዝርልሃለሁ» ከሚል ሰውም ራቁ፤ ሐሰተኛ ኖት ይዛችሁ ብትገኙ ሰውየውን መልሳችሁ አታገኙትም። ከአሜሪካ የምትነሱ ወይም ወደዚያ የምትገቡ ከ10,000 ዶላር በላይ ስትይዙ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ መሆኑን አትርሱ። ለቤተሰቡ አንድ ላይ እንጂ ለየሰው አይቆጠርም።

ከሀገር ቤት ለሚነሱ

በኢትዮጵያ ጁላይ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ (ሐምሌ 22 ቀን 2016) የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ተመን ያወጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ባንክ ብቻ ጠይቆ መመለስ አያዋጣም። በዶላር የሚሞላ የቅድመ ክፍያ ካርድ ስትወስዱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ካርዱን ለማውጣት ስንት ነው? ገንዘብ ሲሞላበትስ? በውጭ ኤ.ቲ.ኤም ሳወጣ በአንድ ጊዜ ስንት ይቆረጣል? ዶላሩ ወደ ሪያል ሲቀየር ስንት በመቶ ይቆረጣል? ከጉዞ በኋላ የተረፈው እንዴት ይመለስልኛል? መልሱን በወረቀት ጻፉት።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ነገር ደግሞ ስልክ ናት። በኢንተርኔት ስትከፍሉ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልካችሁ ይልካል። ጅዳ እንደደረሳችሁ ሲም ካርዱን አውጥታችሁ የሳዑዲ ሲም ከከተታችሁ ቁጥሩ አይደርሳችሁም፤ ካርዱም አይሠራም። ያኔ ነው ሰው ተቸግሮ በማይሆን ዋጋ የሚመነዝረው። የቀድሞውን ሲም አትጣሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የት ሀገር መቼ እንደምትሆኑ ለባንኩ ንገሩ።

«አበድረኝ፣ ሀገር ቤት በብር እሰጥሃለሁ»

በጉዞ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ከጓደኛው 1,000 ሪያል ይበደርና «ስንመለስ ይህን ያህል ብር እሰጥሃለሁ» ይላል። ወዳጅነቱ መልካም ነው፤ ውሉ ግን መስተካከል አለበት። ሪያል የተበደረ ዕዳው ሪያል ነው። በብድሩ ቀን የብሩን መጠን ቆርጦ ማሰር አይገባም። የፊቅህ አካዳሚው በ1993 እ.ኤ.አ በወሰነው መሠረት ተበዳሪና አበዳሪ መክፈያው ቀን ሲደርስ በሌላ ገንዘብ ለመከፋፈል መስማማት ይችላሉ፤ ተመኑም የዚያ የመክፈያው ቀን ተመን ይሆናል። የብር ዋጋ በፍጥነት በተለወጠባቸው ዓመታት ስንት ወንድማማች በዚህ እንደተቀያየመ እናንተም ታውቃላችሁ። ጻፉት፤ ምስክር አድርጉበት፤ ዕዳው በሪያል ይቆይ።

ለነጋዴዎችና ለጉዞ ወኪሎች

አንድ ነገር በፍትሕ መናገር አለብን። የተለያየ ሀገር ገንዘብ እጅ በእጅ በተስማሙበት ተመን መለዋወጥ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። መንዛሪ ትርፍ ማግኘቱ ነውር አይደለም። ደንበኛው አውቆ፣ ተነግሮት በዶላር ልክፈል ካለም ገንዘቡ የራሱ ነው። ነውሩ መደበቁ ላይ ነው። ሻጭ ደንበኛውን ሳይጠይቅ ቁልፉን ከነካ፣ ወኪል ጥቅሉን በሪያል ዋጋ ገዝቶ በየትኛው ተመን እንደቆረጠ ሳይናገር ከተቀበለ፣ ያ ትርፍ በረካ ይኖረዋል ትላላችሁ?

ሆቴልና ሱቅ ያላችሁ ወንድሞቻችን፣ ማሽኑ ሲጠይቅ ወደ ደንበኛው አዙሩትና ራሱ ይምረጥ። የሐጅና የዑምራ ወኪሎች ደግሞ በውሉ ላይ ዋጋው በሪያል ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ተመንና በየትኛው ቀን እንደተመነዘረ፣ የራሳችሁ የአገልግሎት ክፍያ ስንት እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። ሐቁን የተነገረው ደንበኛ ቢከራከርም ተመልሶ ይመጣል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስበው። የውጭ ክፍያ የማይቆርጥ ዴቢት ካርድ ከጉዞው ከአንድ ሁለት ወር በፊት አውጡ። 15 ሪያል 4 ዶላር መሆኑን ያዙ። የትም ስትከፍሉ በሀገሩ ገንዘብ ክፈሉ። ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ጊዜ፣ ሰብሰብ አድርጋችሁ አውጡ። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ አታውጡ። ደረሰኝ አትጣሉ፤ ከተመለሳችሁ በኋላም ከባንኩ ሂሳብ ጋር አስተያዩት።

ልጆች ሆይ፣ እናትና አባቶቻችሁን የምትልኩ፣ ቲኬት መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ካርዱን እንዴት እንደሚጠቀሙ ቤት ውስጥ አለማምዷቸው። «በሪያል» የምትለዋን ቃል በትንሽ ወረቀት በዐረብኛ ጽፋችሁ ከካርዱ ጋር ስጧቸው፤ ለሻጩ ያሳዩታል። ከዚህ የሚተርፈውን ገንዘብ እዚያው ለተቸገረ ሐጃጅ ቢሰጡት አጅሩ ለእነሱም ለእናንተም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቃችንን ይባርክልን፤ ከሪባና ከብክነት ይጠብቀን፤ ቤቱን የጎበኙትን ይቀበላቸው፤ ያልደረሳቸውንም ያድርሳቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።